ያንን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ወንድማችን ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ጾታ ነን ስለሚሉ ሰዎች፣ ሕክምና የጻፉትን አስተያየት አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የሥነ አእምሮ ባለሙያ ዘንድ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ፊርማ ተቀብሎ፣ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ሁለተኛ፣ ነገሩ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ፊርማ ካስፈለገው በሽታው የአእምሮ ነውና መታከም ያለበት ጭንቅላቱ ነው። አንዱ ምርመራው ምንም አይደለም ይላል፣ ሌላው ምርመራው ሁሉንም ነገር ያረጋግጣል ይላል። ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ አልገባኝም። ለማንኛውም ያ ፊርማ የኔ ነው፤ ለቀዶ ጥገናው የሚጠየቀውን የባለሙያ ደብዳቤ ከሚጽፉት ሰዎች አንዷ ነኝ ማለቴ ነው።

በሙያዬ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የሥነ አእምሮ ምርመራና የምክር ሕክምና የምሰጥ ባለሙያ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ፤ የሚያውቁኝ ሰዎች እስከ ዛሬ «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ከማያቸው ሰዎች ጥቂቶቹ የኛው አገር ልጆች ናቸው። ስሜ እንዳይወጣ የጠየቅኳችሁ ለራሴ ፈርቼ አይደለም። ስሜ ከወጣ ከቢሮዬ ሲወጣ የታየ ሐበሻ ሁሉ፣ ለእንቅልፍ ማጣትም ይምጣ ለፍቺ ጭንቀት፣ «ለዚያ ነገር ነው» ይባልበታል። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ሰዎችም ማንም እንዳያውቃቸው አድርጌ ነው የጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር ስላለ ከእሱ ልጀምር። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሆርሞን ለመጀመር በብዙ ክሊኒኮች የሥነ አእምሮ ባለሙያ ደብዳቤ አይጠየቅም። ቦስተን ያለው ፌንዌይ ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ኒውዮርክ ያለው ካለን-ሎርድም እንደዚሁ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ የመድኃኒቱን ጥቅምና ጉዳት ቁጭ ብለው ያስረዳሉ፣ ደም ይመረመራል፣ ታካሚው ገብቶኛል ብሎ ይፈርማል። ወደ ቀዶ ጥገና ሲመጣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ቀዶ ሐኪሙም ኢንሹራንሱም ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ዛሬም ሁለት ደብዳቤ ካላየሁ አልከፍልም የሚል ኢንሹራንስ አለ። በማግስቱ የሚባለው ቀዶ ጥገናም የለም፤ ከደብዳቤው በኋላ ተራ መጠበቅ አለ፣ ኢንሹራንሱ ከልክሎ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜም ብዙ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ «ይህች በእውነት ሴት ናት» ወይም «ይህ በእውነት ወንድ ነው» የሚል መስመር የለም። ያለው ሌላ ነው። ሰውየውን እንዴት እንደማውቀው፣ በጾታው ላይ የሚሰማው አለመጣጣም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የሚፈልገው ሕክምና ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ መረዳቱን፣ ለራሱ የመወሰን አቅም እንዳለው፣ ድብርት ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ክትትል ላይ መሆኑን፣ በመጨረሻም ከሆስፒታል ሲወጣ ማን እንደሚያስታምመው እጽፋለሁ። ሆርሞን የጀመረ ሰው ከሆነ ስለ እሱም እናወራለን። ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን የሚባለው፣ ያወፈረው ድምፅ መድኃኒቱ ቢቆም ወደ ድሮው አይመለስም። ኤስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞን የሚባለው፣ ያወጣው ጡትም በራሱ አይጠፋም፤ ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው ደግሞ የደም መርጋት አደጋው ይጨምራል። ልጅ መውለድን የሚነካ ነገር ስላለ፣ «ወደፊት ልጅ እፈልጋለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ? የዘር ፈሳሽ ስለ ማስቀመጥ የነገረሽ ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ጥያቄ ለሐበሻ ልጅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «እናቴ የልጅ ልጅ ትጠብቃለች» ብለው ማልቀስ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ረጅም ሰዓት የሚወስድብኝ ግን የማስታመሙ ጉዳይ ነው። አንዷ ኡበር ነው የምትነዳው። ጥርት ያለች ልጅ ናት፤ የምትፈልገውን ታውቃለች፣ የቀዶ ጥገናውን ዓይነት ከኔ በተሻለ አንብባለች፣ ሆርሞን ላይ ከቆየች ሰንብታለች። «ስትወጪ የት ነው የምታርፊው?» አልኳት። አፓርታማዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። «ማን ምግብ ያቀብልሻል?» ዝም። «መሪ ሳትጨብጪ ስንት ሳምንት መቆየት ትችያለሽ?» ኡበር የሚነዳ ሰው የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ለወራት በየቀኑ ተኝታ የምታደርገው የቁስል እንክብካቤ አለ፤ ካላደረገችው ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ቀኑን ገፋነው። የኪራይ ገንዘብ እስክታጠራቅም፣ አትላንታ ያለች ጓደኛዋ ፈቃድ ወስዳ መጥታ አብራት እስክትሆን ጠበቅን። ያኔ ደብዳቤዋን ጻፍኩ። ይኸው ነው እንግዲህ «የአእምሮ ምርመራ» የሚባለው፤ ከፊሉ ስለ ደረጃና ስለ ሾርባ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ፤ የአእምሮ ባለሙያ ከገባበት እብደት ነው ወደሚለው። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የሚጠቀሙበት የሕመሞች መዝገብ፣ ዲኤስኤም የሚባለው፣ በ1980 ነገሩን በሕመም ስም አስገባው፣ በ1994 ስሙን ቀይሮ «የጾታ ማንነት መታወክ» አለው፣ በ2013 ደግሞ «ጀንደር ዲስፎሪያ»፣ ከጾታ አለመጣጣም የሚመጣ ጭንቀት እንደ ማለት፣ በሚል ተካው። በዚህ በመጨረሻው ሐሳብ መሠረት የሚታከመው ጭንቀቱ ነው፤ ሰውየው ነኝ የሚለው ማንነት ሕመም ተብሎ አይቆጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መዝገቡ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ስለ ወሲባዊ ጤና ወደሚያወራው ምዕራፍ አዛውሮታል። አሜሪካ ግን ለኢንሹራንስ አሁንም የምትጠቀመው አሮጌውን መዝገብ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ የአእምሮ ሕመም አይደለም ብዬ በማምነው ነገር ላይ፣ ከፋዩ እንዲከፍል ብዬ፣ ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ የተወሰደውን ኤፍ 64.0 የሚል ኮድ እጽፋለሁ። ጸሐፊው ይህንን ቢያውቁ ኖሮ ከኔ በላይ በሳቁ ነበር።

ድብርት ያለባቸው አሉ? ሞልተዋል። በ2015 አሜሪካ ውስጥ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት፣ 40 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። ድብርቱ ግን ሰውየው ሕክምናውን አይገባውም ማለት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ቀዶ ጥገና ሲፈልግ ስኳሩ ይስተካከልለታል እንጂ «ስኳር ስላለብህ ሂድ» አይባልም። ድብርቱንም የምፈልገው ለማከም ነው።

ችግሩ፣ ደብዳቤ የጻፍኩላችሁም ስለዚህ ነው፣ ሰዎች ድብርታቸውን ይደብቁኛል። ለምን እንደሚደብቁኝ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ በ1966 ለዚህ ጉዳይ ክሊኒክ ከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ቀዶ ጥገና በይፋ ከጀመሩት ቀደምት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ያመለከተው ብዙ፣ ተቀባይነት ያገኘው በጣም ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ሃሪ ቤንጃሚን የሚባሉ ኒውዮርክ የሚኖሩ ሐኪም ስለነዚህ ታካሚዎች መጽሐፍ አሳተሙ። የየክሊኒኩ ሐኪሞች «እውነተኛው» ታካሚ ማን እንደሆነ የሚለዩት ከዚያ መጽሐፍ ጋር እያመሳከሩ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ነገር ግር አላቸው፤ በየቀኑ የሚመጣው ሰው የሚነግራቸው የልጅነት ታሪክ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ለካ ታካሚዎቹም መጽሐፉን አንብበውታል። ምን ብትል እንደምታልፍ፣ ምን ብትል እንደምትወድቅ ከአንዱ ወደ አንዱ ይነጋገሩ ነበር። ሐኪሙ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ከቆመ ሰው ለዘበኛው የሚባለውን ይላል፤ የልቡን ለሌላ ቀን ያቆየዋል።

ዋሽቶ ማለፍ ያልፈለገም ነበር። ሉ ሰሊቫን የሚባል፣ ሴት ተብሎ ተወልዶ ወንድ ነኝ ያለ ሰው፣ ስታንፎርድ ወደነበረው ፕሮግራም አመለከተ። ወንዶችን እንደሚወድ ሳይደብቅ ተናገረ። ያኔ በነበረው አስተሳሰብ «እውነተኛ ወንድ» ሴት ነው የሚወደው፤ ስለዚህ አልተቀበሉትም። ሰሊቫን በ1991 እስኪሞት ድረስ ያንን ሕግ ሲሞግት ኖሯል። እኔ እሱን የማነሳው ለአክብሮቴ ብቻ ሳይሆን ለምርመራው ትምህርት ስለሆነ ነው፤ እውነቱን የተናገረው ሰው ወደቀ፣ በአፉ የተማረውን የደገመ አለፈ። ምን ዓይነት ምርመራ ነው ይሄ?

ሆፕኪንስ ክሊኒኩን በ1979 ዘጋው፤ እንደገና የከፈተው በ2017 ነው። በዚያው በ1979 የሙያው ሰዎች የመጀመሪያውን የጋራ መመሪያ አወጡ። ለረጅም ጊዜ መመሪያው ጥብቅ ነበር፤ ቀዶ ጥገና የሚፈልግ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በፈለገው ጾታ መኖሩ መታየት ነበረበት፣ ሁለት ደብዳቤም ይጠየቅ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጢሙ ያልጠፋ ሰው በቀሚስ ሥራ ገብቶ ዓመት እንዲሞላ መጠየቅ፣ ይህም «ለራስህ ጥቅም ነው» እየተባለ። በመስከረም 2022 የወጣው ስምንተኛው እትም ይህንን አላልቶታል፤ ለአዋቂ ሰው አንድ ደብዳቤ ይበቃል ይላል፣ ደብዳቤውን የሚጽፈውም ቢያንስ ማስተርስ ወይም ተመጣጣኝ ሥልጠና ያለው፣ በጉዳዩ የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን ይላል። ዘበኝነቱ ግን በሰው አእምሮ ውስጥ አልጠፋም። ዛሬም ቢሮዬ የሚገባው ሰው በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዓይኔን ያያል፤ ይህች ሴትዮ ትከለክለኝ ይሆን?

ያገራችን ልጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ በር ይጨመርበታል። ስለ ድብርት የምንሰጠው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት አለ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ እንዴት ነበር ብሎ ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ያስመርጣል፤ ሲደመር እስከ 27 ይደርሳል። በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። ያገሬ ሰው ሲሞላው ብዙ ጊዜ ዘጠኙም ዜሮ ነው። «እንዴት ነህ?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ ሻይ አቅርቤ ስናወራ፣ ሌሊት ሌሊት ልቤን ይመታኛል ይላል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል ይላል፣ ከሥራ መልስ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቁጭ እላለሁ ይላል። ታዲያ ወረቀቱ ላይ ለምን ዜሮ አልክ ስለው፣ ከሁለት አንዱን ይመልስልኛል። ወይ «ከጻፍኩ ደብዳቤውን አትሰጪኝም ብዬ» ነው፣ ወይ «ወረቀቱን ማን እንደሚያየው አላውቅም» ነው።

ሁለተኛው መልስ ነው የኛ የማኅበረሰቡ ሥራ። ዋሽንግተንና አካባቢው ሰፊ ይመስላል እንጂ ለኛ ትንሽ መንደር ነው። አንድ ሰው እንግሊዝኛው ለእንዲህ ያለ ወሬ አይበቃውም፤ በስልክ አስተርጓሚ ይጠራለታል፤ ስልኩ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ የሰንበቴ ማኅበርተኛው ድምፅ ይመስለዋል። አንዱ ደንበኛ ባልደረባዬ ቢሮ ስልኩን ዘግቶ ወጥቶ ሄዷል። ያቺ ባልደረባዬ አማርኛ አትችልም፤ «ታካሚው ተባባሪ አይደለም» ብላ ልትጽፍ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ አስተርጓሚው መሀል ላይ አቋርጦ «ለመሆኑ አንተ ልበል አንቺ?» ሲል ሰምቻለሁ፤ ያውም ጮክ ብሎ፣ እንደ ቀልድ። «እርስዎ» ቢል ማንም አይሞትም ነበር። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ መልስ ላይ ፊርማዬን ሳስቀምጥ እጄ ከበድ ይለኛል። ጸሐፊው «ፊርማው ርካሽ ነው» ብለዋል። ርካሽ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ እውነቱን መናገር ካልቻለ።

አማኑኤል ሳለሁ ታካሚ ብቻውን አይመጣም ነበር። አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ጸበል ይዘውት ሄደው የነበሩ ሁሉ አብረው ይገባሉ፤ ሐኪሙ ታካሚውን ሲጠይቅ አስታማሚው ይመልሳል። ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው፤ ማንም ሰው ብቻውን አይታመምም። እዚህ ደግሞ ቤተሰቡን ውጭ አስቀምጠን በሩን እንዘጋለን። አንዲት እናት ይህ አልዋጥ ብሏቸው ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው እንዳናግራቸው ፈቅዳልኝ ነበር፤ ያለ ፈቃዷ ቃል አልተነፍስም።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አብዷል?»

«አላበደም እናቴ።»

«ታዲያ አንቺ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ?»

ጥያቄያቸው ከጸሐፊው ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እሳቸው መልሱን ቆመው አዳመጡኝ። ትልቅ ነገር ልታደርግ ነው፣ የማይመለስ ነገር አለበት፣ አስባበት እንደሆነና የሚረዳት ሰው እንዳለ ለማየት ነው የመጣችው አልኳቸው። እንድትተወው አልነግራትም፣ እንድታደርገውም አልገፋትም አልኳቸው። አላመኑኝም መሰለኝ። ግን ቦርሳቸውን ይዘው ሲነሱ «ብቻውን እንዳይሆን ንገሪው፤ እኔ ባልስማማም ምግብ እልካለሁ» አሉ። «እሱ» ነው ያሉት፤ አላረምኳቸውም። መዝገቡ ላይ፣ «ማን ያስታምማታል» በሚለው ሥር፣ «እናት፦ ምግብ» ብዬ ጻፍኩ።

የሚጸጸት ሰው የለም ወይ የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አለ። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት 27 የቀድሞ ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 7,928 ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች ሰብስቦ የተጸጸቱት አንድ በመቶ አካባቢ ናቸው ይላል። እኔ ይህን ቁጥር እንደ ጋሻ አልይዘውም፤ ጥናቶቹ ታካሚዎቹን የተከታተሉበት ጊዜ እኩል አይደለም፣ ክትትል ላይ ጠፍተው የቀሩም አሉ። ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፣ ጥቂት ናቸው ብሎ መተውም አይገባም። የሚጸጸተው ሰው እንኳ ነገሩን መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ሊናገረው ይችል ነበር፤ «እርግጠኛ አይደለሁም» ለማለት የማያስፈራ ቦታ ቢያገኝ። የሚያስፈራውን ቦታ በማጥበቅ ጸጸት አይቀንስም። ሆፕኪንስ የመሰሉ ክሊኒኮች ያኔ አጥብቀው አጥብቀው ያተረፉት ነገር የተጠና መልስ ነው።

በዚህ ላይ ከወጣት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንከራከራለን። እነሱ ደብዳቤው ጭራሽ ይቅር ይላሉ፤ ጉልበቱን የሚያስቀይር አዛውንት የሥነ አእምሮ ደብዳቤ አምጣ አይባልም፣ እነዚህ ለምን ይባላሉ? ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል፤ ለሆርሞን ከሆነ እስማማለሁ። ለትልቁ ቀዶ ጥገና ግን ኡበር ነጂዋን አስታውሳለሁ። ቁጭ ብሎ ስለ ደረጃዋና ስለ ኪራይዋ የሚጠይቃት አንድ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ያ ሰው የመከልከል ሥልጣን ባይኖረው ደስ ይለኛል፤ ሥልጣኑ ባይኖረኝ ዘጠኝ ዜሮ አይጻፍልኝም ነበር።

ስለ ልጆች፣ ማለትም ከ18 ዓመት በታች ስላሉት፣ አልጽፍም። ሥራዬ አይደለም፣ የሚሠሩትም ሌላ ሥልጠና ያላቸው ናቸው፣ ምርመራውም ረዘም ያለና ወላጅ ያለበት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 ቴነሲ ለልጆች ይህን ሕክምና የከለከለችበትን ሕግ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አጽንቶታል፤ እንግሊዝም የልጆችን የጾታ ሕክምና ከገመገመው ከ2024ቱ የካስ ሪፖርት ወዲህ አሠራሯን ለውጣለች። ጸሐፊው በጽሑፋቸው የልጆችንና የአዋቂዎችን ጉዳይ አንድ ላይ አደባልቀውታል፤ ቢለዩት ጥሩ ነው። የሚነዱ፣ ግብር የሚከፍሉ፣ አገር ቤት ላለ ቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ አዋቂዎች ናቸው እኔ ዘንድ የሚመጡት።

አሁን ለአንባቢዎቻችሁ የሚጠቅም ነገር ልጻፍ፤ ለዚህ ጉዳይም ለደም ግፊትም ያገለግላል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። «የራስህን አስተርጓሚ ይዘህ ና» ሊላችሁ አይችልም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ክልክል ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች መካከል አድርጋለች። የስልክ አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ ሙሉ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የሚናገረው፤ እናንተም ስማችሁ እንዳይነገረው መጠየቅ ትችላላችሁ። ድምፁን ካወቃችሁት «ሌላ ሰው ቀይሩልኝ» በሉ። ከሩቅ ስቴት ያለ አስተርጓሚ ይሁንልኝ ማለትም ይቻላል። ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋን ከመሰለ ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት ያለ ፈቃዳችሁ ለቤተሰብም ለቀጣሪም አይሰጥም። ድብርት አለብኝ ብሎ መጻፍ በራሱ ደብዳቤ አያስከለክልም፤ ክትትል ያስጀምራል። ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከጥር 2024 ወዲህ በአዲስ ሕግ የሚሸፈንላቸው ሕክምና ሰፍቷል፤ «አይሸፈንም» ከተባሉ ዝም ብለው አይመለሱ፣ በጽሑፍ ይጠይቁ።

አንድ የቀረኝ ጉዳይ ከእናንተ ከአዘጋጆቹ ጋር ነው። ጸሐፊው ለምሳሌ ብለው ስለ አንድ ቤተሰብ አንስተዋል። ስም አልጠሩም። የአባትየውን ሥራ፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የሚኖሩበትን ሰፈርና ቤተ ክርስቲያኑን ግን ጽፈዋል፤ እናንተም አትማችሁታል። እዚህ አልደግመውም። ጋዜጣው በወጣ ሰሞን ከዚያ ቤተሰብ ጋር ምንም የማይገናኝ ደንበኛዬ ደውሎ ቀጠሮውን ሰረዘ፤ «ነገ የኔንም ይጽፉታል» አለኝ። ቀጠሮው የቀዶ ጥገና ደብዳቤ አልነበረም፤ እንቅልፍ አልወስደኝ አለኝ ብሎ የያዘው ነበር። ደግሜ ደወልኩለት፣ አያነሳም።

አስተያየት የመጻፍ መብታቸውን አልቃወምም፤ መልሴን ስታወጡም የሳቸውን አብራችሁ ብታስቀምጡ አይከፋኝም። ያቺ ስለ ቤተሰቡ የምታወራው አንቀጽ ግን ድረ ገጻችሁ ላይ አሁንም አለች። እባካችሁ ዛሬውኑ አውጧት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
(ስሜና ስልኬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)